ንግግር ከሰሙ ይበቃቸዋል ስለሚሉ ሰዎች

በቤርሳቤህ ከተማ፣ በየሰፈሩ በሚገኙት የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ክሊኒኮች፣ ጆሮው የደከመ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ በልጁ ወይም በልጅ ልጁ ተደግፎ ለምርመራ በሚቀርብበት ጊዜ፣ መርማሪውም፣ የመሣሪያው ሻጭም፣ ይዞት የመጣው የገዛ ቤተ ሰቡም ሳይመካከሩ የሚስማሙበት አንድ ሐሳብ አለ፤ እርሱም የመስሚያ መሣሪያ የሚገዛው ንግግርን ለመስማት ነው፣ ንግግር ከተሰማ የመሣሪያው ግብር ተፈጸመ፣ ዜማና ዘፈን ግን የጤነኛ ጆሮ ቅንጦት ስለ ሆነ በሽምግልና ቢቀር አያጎድልም የሚል ነው። ይህን ተከትሎ የሚመጣ ሁለተኛ ሐሳብም አለ፤ ሽማግሌው «ዜማም በደንብ ይሰማኝ» ብሎ ቢያስቸግር፣ ከመደርደሪያው ላይ በዋጋ ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ብልሃቱ የበዛውን መሣሪያ ገዝቶ መስጠት ነው ይባላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የፊተኛው ስሕተት ስለ ሰው ያለንን ግምት የሚመለከት ስለ ሆነ ለመግለጽ አያዳግትም፤ የኋለኛው ግን የመሣሪያውን ባሕርይ ካለማወቅ የሚመነጭ ነውና እርሱን ለማፍረስ ረዘም ያለ ሐተታ ያሻል።

አስቀድሞ ስለ ጆሮ። የሰው ጆሮ በወጣትነቱ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ፣ ማለት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን፣ ይቀበላል። በውስጠኛው ጆሮ ጠመዝማዛ ክፍል ረድፍ ሠርተው የቆሙት ስሱ የጸጉር ሕዋሳት እያንዳንዳቸው የተመደበላቸው ድምፅ አላቸው፤ በመግቢያው አጠገብ ያሉት ቀጭኑንና ከፍተኛውን፣ በጥልቁ ያሉት ወፍራሙንና ዝቅተኛውን ይይዛሉ። እርጅናም፣ የብዙ ዘመን ጩኸትም፣ አንዳንድ ብርቱ መድኃኒትም አስቀድመው የሚጎዱት በመግቢያው የቆሙትን ነው፤ ከሞቱም ወዲያ በሰው ጆሮ ዳግመኛ አይበቅሉም። ስለዚህ የብዙ አረጋውያን መስማት የሚጠፋው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የበሩን መንኳኳት፣ የአውቶቡሱን ጉርምርምታ፣ የተናጋሪውን ድምፅ ራሱን ይሰማሉ፤ ነገር ግን ሰን ከሸ፣ ፈን ከተ፣ ጸን ከጠ የሚለየው ስስ ፉጨት፣ አብዛኛው ከ3,000 ኸርዝ በላይ የሚገኘው፣ ይጠፋባቸዋል። ቤተ ሰቡም «አባባ ሲፈልጉ ይሰማሉ፣ ሲያሻቸው ይደነቁራሉ» እያለ ያማቸዋል። ሐሜቱ ግፍ ነው፤ አባባ የሰሙትን ሰምተዋል፣ ያልሰሙትን ደግሞ በግምት ሊሞሉት ሲታገሉ ውለዋል።

በዜማ በኩል የሚደርሰው ጉዳት መልኩ ይለያል። ዜማው የሚወጣበትና የሚወርድበት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛውና ከመካከለኛው ስፍራ አይወጣም፤ የፒያኖ የመጨረሻው ቀጭን ቁልፍ እንኳ 4,186 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ላይኛውን ድምፅ ያጣ ሽማግሌ ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺ ሆዬ ለመለየት አይቸገርም። የሚያጣው ሌላ ነው፦ መሲንቆን መሲንቆ የሚያሰኘውን የጭራ በጭራ ላይ ሻካራ ፍትጊያ፣ የክራሩ ጅማት በተመታ በመጀመሪያዋ ቅጽበት የምትሰማውን ጥርት ያለች ምት፣ በበገናው ጅማትና በብርኩማው መካከል የገባችው የቆዳ እንዚራ የምታስነሣውን እንዝርዝርታ፣ ከሁሉም ይልቅ የአዝማሪው ቅኔ ወርቁን ከሰሙ የሚለይባትን አንዲት ተነባቢ። ዜማው ደርሶት ቃሉ የቀረበት ሰው ከግማሽ በላይ ተነጥቋል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ በእኛ ዘንድ ዘፈን ግጥም ነውና።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው ለሚለው መልስ ልስጥ። ቤተ እስራኤል የተባሉት የኢትዮጵያ አይሁድ ወደ እስራኤል በተጓጓዙባቸው ዘመቻዎች፣ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ ኋላም በግንቦት 1991 ከ14,000 የሚበልጥ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ከአዲስ አበባ በተጓጓዘበት በሰሎሞን ዘመቻ (ዓመታቱን የምጠራው በዚህ አገር በሚሠራበት አቆጣጠር ነው) ጎልማሳ ሆነው የመጡት ሁሉ ዛሬ አረጋውያን ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ዕብራይስጥን ለገበያና ለክሊኒክ የሚበቃውን ያህል እንጂ ለጨዋታ የሚበቃውን ያህል አልያዙትም፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ በማዕድ ዙሪያ ሲሳሳቁ የሚሳሳቁት በዕብራይስጥ ነው። እንግዲህ በንግግር ረገድ እንከን የሌለበት መሣሪያ ቢሰጣቸው በጥራት የሚሰሙት የማይገባቸውን ጨዋታ ነው። በጥራት ቢሰሙት የሚገባቸው፣ ልባቸውንም የሚያነሣሣው፣ የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ነው፤ በሠርግ ቤት የሚወርደው ግጥም ነው፤ ከሁሉም በላይ ጸሎቱ ነው።

የምርመራውን ሥርዓት ከቅርብ ያየ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይገለጥለታል። ሽማግሌው ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ይቀመጣል፤ ማዳመጫ በጆሮው፣ ቁልፍ በእጁ ይሰጠዋል፤ ከ250 እስከ 8,000 ኸርዝ ያሉ ፉጨቶች አንድ በአንድ ይለቀቁለታል፤ በሰማ ቁጥር ይጫናል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው፤ ፉጨት ቋንቋ የለውም። ከዚያ በኋላ ግን ሰሚው በመስተዋቱ ማዶ የሚለቀቁለትን አጫጭር የዕብራይስጥ ቃላት እየተከተለ እንዲደግም ይጠየቃል። ሽማግሌው ቃሉን አጣምሞ ሲመልስ ያጣመመው ጆሮው ይሁን ወይስ ቃሉን በሕይወቱ ሰምቶት ስለማያውቅ ይሁን ከወረቀቱ ላይ የሚለየው የለም፤ የመሣሪያው ምርጫ ግን በከፊል በዚሁ ወረቀት ይወሰናል። ይኸው ሰው በልጅነቱ የተማረውን አንድ የጸሎት ዜማ እያሰሙት «የትኛው ጋ ጠፋብህ?» ቢሉት ኖሮ ከመርማሪው ኮምፒውተር የማይተናነስ ምስክርነት ይሰጥ ነበር።

ጸሎቱ ደግሞ የሚነበብ ብቻ አይደለም፤ የቤተ እስራኤል ቅዳሴ በግዕዝ፣ በአንዳንድ ስፍራም በአገውኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚዜም ነው፤ አንዱ ቄስ ሲያነሣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ በበዓላት ነጋሪትና ቃጭል ይገባበታል። ዜማው በምልክት ተጽፎ የተቀመጠ ሳይሆን ከቄስ ወደ ደቀ መዝሙር በቃልና በጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ኬይ ካውፍማን ሸሌሜይ የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ሊቅ በ1973 ኢትዮጵያ ድረስ ሄዳ አጥንታው በ1986 መጽሐፍ አወጣችበት፤ ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ቱርኒም በ2009 ስለዚሁ ዜማ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተመ። የባሕር ማዶ ሊቃውንት ይህን ያህል የደከሙለት ዜማ በሚቀጥለው ትውልድ ዘንድ ቀና ወይም ጎበጠ ብሎ የሚፈርደው የሽማግሌው ቄስ ጆሮ ነው። ደቀ መዝሙሩ ሲሳሳት የማይሰማ መምህር አያርምም። እንዲህ ያለውን ጆሮ ነው እንግዲህ «ንግግር ከሰማ ይበቃዋል» የምንለው።

በነገራችን ላይ ቤርሳቤህ ከ1973 ጀምሮ ሲንፎኒዬታ የሚባል የራስዋ የሙዚቃ ጓድ ያላት ከተማ ናት። በዚያ አዳራሽ ለዓመት ሙሉ ትኬት የገዛ ጡረተኛ መስሚያው ቫዮሊኑን ስላበላሸበት ቢያማርር «ሙዚቃ ምን ያደርግልሃል?» የሚለው ሰው ይገኛል ብዬ አላምንም።

ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ልለፍ፤ ብርቱው ክርክር እዚህ ነው። የመስሚያ መሣሪያ ከጥንስሱ ጀምሮ የተቀረጸው በንግግር ልክ ነው። ንግግር በአንድ ሜትር ርቀት 65 ዴሲቤል ያህል ኃይል አለው፤ ሰው ቢጮህም ከ85 እና ከ90 ብዙም አያልፍም። ዜማ ግን 100ን በቀላሉ ያልፋል፤ ከመካከለኛ ኃይሉ በላይ የሚዘልልበትም ጫፍ በንግግር 12 ዴሲቤል ያህል ሲሆን በሙዚቃ 18 እና ከዚያም በላይ ነው። መሣሪያው ድምፁን በማይክሮፎን ተቀብሎ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ለብዙ ዘመን በሥራ ላይ የኖረው 16 ቢት የሚባለው ልኬት በጠቅላላው 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ብቻ ስላለው፣ ከዚያ ጣሪያ በላይ የመጣው ምት በመግቢያው ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ይህን ልብ በሉ፦ ከመግቢያው የተበላሸውን ድምፅ በስተኋላ የሚሠራው ሶፍትዌር የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን አያድነውም። ነጋሪቱ ሲመታ፣ ቃጭሉ ሲጮህ፣ ሽማግሌው ራሱ ቄስ ከሆነም የገዛ ድምፁ ከአፉ ወጥቶ አንድ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ርቀት ማይክሮፎኑ ላይ ሲያርፍ፣ የሚሰማው የተቀደደ ድምፅ ነው። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ቀን የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ ለዜማ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው መሣሪያው ስንት ክፍል አለው፣ ስንት ብልሃት ያውቃል ብሎ ሳይሆን፣ ሳይቀደድ የሚቀበለው ድምፅ እስከ ስንት ዴሲቤል ይደርሳል ብሎ ነው። በሻጩ ማስታወቂያ ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጣሪያው ከፍ ያለ መሣሪያ ንግግርን አይጎዳም፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ መሣሪያ ግን ዜማን ይገድላል፤ እንግዲህ በዜማ ተፈትኖ ያለፈው ለንግግርም ሲበጅ፣ በንግግር ብቻ የተፈተነው ለዜማ ዋስትና የለውም።

ከዚያ ወዲያ ብልሃቶቹ ራሳቸው ይመጣሉ። መሣሪያ በጆሮ ውስጥ ሲያፏጭ ፉጨቱን የሚያጠፋ ብልሃት አለ፤ ይህ ብልሃት የዋሽንትን ረጅምና ንጹሕ ድምፅ ሲሰማ የራሱ ፉጨት መስሎት ሊያጠፋው ይነሣል፣ ወይም ከጎኑ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ድምፅ ይወልድለታል። ጫጫታን የሚቀንስ ብልሃትም አለ፤ ሳይለዋወጥ የሚቆየውን ድምፅ ሁሉ እንደ ማራገቢያ ጩኸት ስለሚቆጥረው የበገናውን ቀጣይ እንዝርዝርታ እንደ ጉድፍ ጠርጎ ለመጣል ይታገላል። ከሁሉ የከፋው ግን ከፍተኛውን ድምፅ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ የሚያወርደው ነው፤ ፎናክ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት የራሱን በ2008 ካወጣ ወዲህ በልዩ ልዩ ስም ተስፋፍቷል። ለንግግር፣ በተለይ ሰንና ሸን ጨርሶ ለማይሰማ ሕፃን፣ ጥቅሙን አልክድም። በዜማ ግን የሚያደርሰውን በቁጥር እንየው፦ 500 ኸርዝ ላይ የሚዜም ድምፅ ከራሱ ጋር 1,000፣ 1,500፣ 2,000 እያለ እስከ 4,500 እና ከዚያም በላይ የሚደርሱ ተከታዮች አሉት፤ ውበቱና መልኩ የሚታወቀው እነዚህ ሁሉ የ500 እጥፍ ሆነው በመሰለፋቸው ነው። መሣሪያው 4,500ውን አውርዶ 3,350 አካባቢ ቢያስቀምጠው ይህ አዲስ ቁጥር ከሰልፉ ውጭ ነው፤ ከዜማው ጋር አይስማማም፤ ሽማግሌውም «ቄሱ ዜማ ሳቱ» ይላል። ቄሱ አልሳቱም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ብራያን ሙር እንዳሳዩት፣ በውስጠኛው ጆሮ የጸጉር ሕዋሳቱ ጨርሶ የሞቱባቸው ስፍራዎች ይገኛሉ፤ በእነዚያ ስፍራዎች ድምፁን ቢያጎሉት ቢያጎሉት ዜማ አይሆንም፣ ቅርጽ የሌለው ሻካራ ድምፅ ይሆናል እንጂ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ይህ እስከ 10,000 ኸርዝ ያሰማል» ብሎ ውድ ዕቃ መሸጥ የማይሰማበትን ስፍራ በገንዘብ ማጩህ ነው። ለእርሱ የሚሻለው እስከሚሰማበት ድንበር ድረስ በልኩ ማጉላት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ መተው ነው።

ዋጋ ለጥራት ምስክር ነው የሚለውን እምነት ሮቢን ኮክስና ባልደረቦቿ በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ባሳተሙት ጥናት ፈትነውታል፤ ጆሯቸው በመጠኑ የደከመ አረጋውያን ውዱንም ርካሹንም መሣሪያ በየተራ በዕለት ኑሯቸው አድርገው ሲመዘኑ፣ በንግግር ረገድ እንኳ ውዱ ከርካሹ ይህን ያህል ብልጫ አላሳየም። በንግግር ያልበለጠው በዜማ ይበልጣል ብሎ የሚያምን ማስረጃውን ያምጣ። ቀላልነት ዜማን እንደሚያገለግል ደግሞ ከቀድሞም የታወቀ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ሚድ ኪሊዮን የሠራው ኬ-አምፕ የተባለው የአናሎግ ማጉያ ሕጉ አንድ ነበር፦ ደካማውን ድምፅ አጉላ፣ ብርቱውን ግን ሳትነካው አሳልፍ። ሙዚቀኞች የወደዱት ስለዚሁ ነው። ካናዳዊው የመስማት ሊቅ ማርሻል ቼሲን ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ መላ ሲመክር ኖሯል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ መሣሪያ ያለው ሰው ብርቱ ሙዚቃ ወዳለበት ሲሄድ በማይክሮፎኑ ቀዳዳ ላይ ሦስት አራት ድርብ ፕላስተር ይለጥፍ ይላል፤ ድምፁ 10 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ስለሚገባ ከመቀደድ ይድናል። በሲግድ በዓል ዕለት ከዚህ ከተማ በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ከድምፅ ማጉያው ሥር የሚቆሙ አረጋውያን ይህን ቢሞክሩት የሚከስሩት የፕላስተር ቁራጭ ነው። ድምፁ እጅግ ብርቱ በሆነበት ስፍራ መሣሪያውን አውልቆ በባዶ ጆሮ መስማትም አሳፋሪ አይደለም፤ ብርቱ ድምፅ ለደከመ ጆሮም ቢሆን ያን ያህል ማጉላት አይሻም።

ተቃዋሚዎቼ የሚያቀርቧቸው መከላከያዎች አሉ። በዚህች ከተማ ሳይረን ሲጮህ ወደ መጠለያ የሚሮጥበት ጊዜ እንዳለ አስታውሰው «መጀመሪያ ነፍስ» ይላሉ። ነፍስ መቅደሟ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ላይኛውን ስስ ድምፅ ብቻ ያጣ ሰው ሳይረንን ለመስማት ብዙም አይቸገርም፤ ደግሞስ የዜማ ፕሮግራም ሳይረንን የሚከለክልበት ምን ምክንያት አለው? ሌሎቹ ደግሞ ስልኩን ከመሣሪያው ጋር ያለ ሽቦ አገናኝቶ ዘፈኑን በቀጥታ ወደ ጆሮ መላክ ይቻላልና ችግሩ ተፈቷል ይላሉ። ይህ መንገድ ማይክሮፎኑን ስለሚዘልል የመቀደዱን ነገር በእርግጥ ያስወግዳል፤ ነገር ግን ላይኛው ብቻ ለደከመ ጆሮ የሚሰጠው ቀዳዳ ያለው ትንሽ ላስቲክ የታችኛውን ድምፅ ወደ ውጭ ስለሚያስወጣው በስልክ የመጣው ዘፈን ወገቡ የቀጠነ ይሆናል። ከሁሉም በላይ በጸሎት ቤት ፊት ለፊት ቆሞ የሚያዜም ቄስ በስልክ አይላክም። ያው ላስቲክ ግን በሕይወት ላለው ዜማ መልካም ነው፤ ጤነኛ የሆነውን የታችኛውን ድምፅ ሳይነካካ በተፈጥሮው ያስገባዋልና።

«አረጋውያኑ ራሳቸው አያማርሩም» የሚሉም አሉ። አያማርሩም፤ በእኛ አስተዳደግ ሐኪም «እንዴት ነው?» ሲል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ዕቃው ከሳምንት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ሲገኝ ልጆቹ «አልለመዱትም» ይላሉ፤ ያልተለመደው ምን እንደ ሆነ ግን አይጠይቁም።

ስለዚህ ሽማግሌውን ወደ ምርመራ የሚያደርሰው ልጅ እጅግ የሚያስቸግር ደንበኛ እንዲሆን እመክራለሁ። ከመግዛት በፊት የሙከራ ጊዜ ይለምን፤ መሣሪያው ሲስተካከል ከንግግሩ የተለየ አንድ የዜማ ፕሮግራም እንዲገባለት፣ በዚያም ውስጥ ድምፅ አውራጁ ብልሃት እንዲጠፋ፣ የፉጨትና የጫጫታ ማጥፊያው ቢቻል እንዲጠፋ ባይቻል እንዲለዝብ፣ ማይክሮፎኑ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከዙሪያው ሁሉ እንዲሰማ፣ ማጉላቱና መቀነሱም ቀስ ብሎ የሚሠራ እንዲሆን ይጠይቅ። ከዚያም በዚያው ክፍል ሽማግሌው ራሱ እንዲያዜም ይደረግ፤ መርማሪው ቢገረም ይገረም። ልጁ ወይም ጎረቤቱ ክራር የሚመታ ቢሆን ክራሩን ይዞ መምጣት ነው፤ እንዲህ ያለ ፈተና ከሃያ የዕብራይስጥ ቃላት የበለጠ ይናገራል።

በመጨረሻ የሰንበት ነገር አለ፤ ይህን ከሻጮቹ አንድም ሲያነሣው አልሰማሁም። ከዓርብ ፀሐይ ግባት በፊት የተከፈተ መሣሪያ በሰንበት በጆሮ ማድረግን ብዙ ረቢዎች ይፈቅዳሉ፤ በሰንበት ቀን ቁልፍ ተጭኖ ፕሮግራም መለወጥ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ ስልክ አንሥቶ መለወጥማ ጨርሶ አይታሰብም። የቤተ እስራኤል አበው ደግሞ በሰንበት ጉዳይ ምን ያህል ጥብቅ እንደ ነበሩ የማያውቅ የለም። እንግዲህ መሣሪያው በሚከፈትበት ጊዜ ሁልጊዜ የሚጀምረው በንግግሩ ወይም በራሱ አውቆ በሚለዋውጠው ፕሮግራም ከሆነ፣ ሽማግሌው በሳምንቱ ውስጥ ብዙ ዜማ በሚሰማበት በዚያ ቀን ለንግግር በተሠራው ጆሮ ታስሮ ይውላል፤ ራሱ አዋቂ ነኝ ባዩ ፕሮግራምም ብቻውን የሚያዜመውን ቄስ አንድ ጊዜ ተናጋሪ፣ አንድ ጊዜ ጫጫታ እያደረገ ሲገምተው ያረፍዳል። በጸሎት ቤት የሚደረገው ንግግር ከቅርብ ነውና በዜማው ፕሮግራም ብዙ አይጎድልም። ስለዚህ የአንድ ቄስ ወይም የአንድ ጸሎተኛ ሽማግሌ መሣሪያ ሲስተካከል የመጀመሪያው ፕሮግራም የዜማው፣ ሁለተኛው የንግግሩ ይሁን፤ ይህ ለሥራ ቀን አይመችም የሚል ካለም ሽማግሌው ዓርብ ሻማ ከመብራቱ በፊት አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጭኖ ወደ ዜማው እንዲያልፍ፣ መሣሪያውም እስከ ሰንበት መውጫ በዚያው እንዲቆይ ተደርጎ ይሠራለት። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በመርማሪው ኮምፒውተር ላይ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።